ከቤቱ መፍረስ በፊት ወይስ በኋላ?

የአንጓ ሕመም ታሪክ የሚቀበል ሐኪም ሥራውን በቀን ይጀምራል፤ መቼ ጀመረ፣ የትኛው አንጓ ቀደመ፣ ጠዋት እጅ እስኪፍታታ ምን ያህል ይቆያል። የቀድሞ የካዛንቺስ ነዋሪ ለመጀመሪያው ጥያቄ «ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ» ብሎ ቢመልስ የሚገርም አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሁለተኛ ምዕራፍ ሰፈሩን ሲያነሣው ብዙ ሰው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ሰው ዘመኑን የሚቆጥረው በእሱ ነው፤ የልጅ ትምህርትም፣ የዕድር ክፍያም፣ የጣት እብጠትም ከመፍረሱ በፊትና በኋላ ይባላል። ለሐኪሙ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ነው። ታማሚዋ ለቀን ምልክት የጠራችው ነገር ካርዱ ላይ የሕመሙ ምክንያት ሆኖ ይጻፋል፤ ወይም ሐኪሙ ይህን ፈርቶ ስለ ኑሮዋ ጨርሶ ሳይጠይቃት ይቀራል። ሁለቱም የሙያ ጉድለት ይመስሉኛል። የኑሮ መናወጥ መጠየቅ አለበት፤ የሚጠየቀው ግን የሕመሙ ቀን ለብቻው ከተጣራ በኋላ ነው።

መጠየቅ ያለበት ማስረጃ ስላለው ነው። በአሜሪካ ነርሶች ላይ ከተደረጉት ረጅም ክትትሎች አንዱ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ከ54 ሺህ በላይ ሴቶችን መዝኖ ነበር። ከአሰቃቂ አጋጣሚ በኋላ አራትና ከዚያ በላይ የሰቀቀን ምልክቶች የቀሩባቸው (ሐኪሞች ፒቲኤስዲ በሚሉት ዓይነት)፣ ምንም ካልደረሰባቸው ይልቅ በሩማቶይድ አርትራይተስ የመያዝ ዕድላቸው 1.76 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የስዊድን ጥናት ደግሞ ከጭንቀት ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም የተገኘባቸውን ከ106 ሺህ በላይ ሰዎች ተከትሏል። የሰውነት መከላከያ ራሱን በሚያጠቃባቸው ሕመሞች፣ ሩማቶይድን ጨምሮ፣ በዓመት ከ1000 ሰው 9.1 ያህሉ ሲያዙ፣ ጭንቀቱ ከሌለባቸው ግን 6 ብቻ ተይዘዋል። ወንድምና እኅቶቻቸው 6.5 ላይ ስለነበሩ ነገሩን ሁሉ ለቤተሰብ ደም መስጠት አይቻልም። እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ግን ልዩነቱ ከ1000 ሰው 3 ገደማ መሆኑን አንርሳ። ከተጨነቁት መካከል እጅግ የሚበዙት አልታመሙም። ደግሞም የተመዘነው ችግር ማየት ብቻ ሳይሆን ችግሩ ሰው ውስጥ ተተክሎ መቅረቱ ነው፤ ቤቱ የፈረሰበት ሁሉ እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን በከፊል እናውቃለን። ፊሊፕ ሄንች በ1948 እ.ኤ.አ. በማዮ ክሊኒክ ኮርቲዞን ለሩማቶይድ ታማሚ ሰጥቶ ውጤቱ ጉድ ካሰኘ በኋላ፣ እብጠትን የሚያበርደው የአድሬናል ዕጢ ቅመም ምን ያህል ኃይል እንዳለው ግልጽ ሆነ፤ ሄንችም ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር በ1950 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። ጭንቀት የዚህን ቅመም ዘመድ ኮርቲሶልን ከፍ ያደርጋል። ታዲያ የተጨነቀ ሰው አንጓ ለምን አይበርድም? ጭንቀቱ ሲረዝም የመከላከያ ሕዋሳት ለኮርቲሶል ትእዛዝ እየደነዘዙ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ እብጠቱ ልጓም ያጣል።

ጭንቀትን ከሕመሙ ጋር ማያያዝ ተቃውሞ አያጣም፤ ከሁሉ የሚከብደው የማስታወስ ጉዳይ ነው። የታመመ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ምክንያት ይፈልጋል፤ ያልታመመ ጎረቤቱ ያንኑ መከራ አሳልፎ ረስቶታል። እውነት ነው፤ የስዊድኑ ጥናት የሚበልጠውም በሰው ትዝታ ሳይሆን አስቀድሞ በተጻፈ መዝገብ በመመሥረቱ ነው። ሌላው ተቃውሞ ሲጋራ ነው፦ የተጨነቀ ያጨሳል፣ ሲጋራም ለሩማቶይድ የታወቀ መንስኤ ነው። በነርሶቹ ጥናት ማጨስ ሲታሰብ ቁጥሩ ወደ 1.60 ወረደ እንጂ አልጠፋም። ሴቶች እምብዛም በማያጨሱበት በእኛ አገር ይህ መንገድ ይበልጥ ይጠብባል። ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ክሊኒክ ውስጥ ያለውን ሥራ በቀጥታ ይነካል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት በኋላ የታመሙ ደም ለጋሾችን የቆየ ደም መርምሮ፣ ከግማሽ ገደማ በሚሆኑት ላይ ሩማቶይድ ፋክተር ወይም አንቲ ሲሲፒ የተባሉትን የሕመሙን የደም ጠቋሚዎች ምልክቱ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት አግኝቷል፤ መካከለኛው ጊዜ 4.5 ዓመት ነበር። ስለዚህ በጥቅምት ቤቱ ፈርሶ በጥር ጣቱ ያበጠ ሰው ሕመሙ ሳይታወቅ የቆየ ሊሆን ይችላል። መፍረሱ አፋጥኖት ይሆናል፤ ጀማሪው እሱ ነው ማለት ግን ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

የጥያቄው ጥበብ የሚመጣው ከዚህ ነው። «ከመፍረሱ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ የጠየቀ ሐኪም መልሱን ራሱ ሰጥቷል። ይልቅ ሌላ የቀን ምልክትና የእጅ ሥራ ይያዝ፦ «እማማ፣ ሊጥ ማቡካት የከበደዎት መቼ ነው?» «ቀለበትዎ አልወልቅ ያለው ፍልሰታ ሳይገባ ነው?» «የቡና ሙቀጫ ሲይዙ የሚያመው የትኛው እጅ ነው?» ከዚያ እጅ ይታያል። የጣት ሥር አንጓዎች አንድ ላይ ጨበጥ ሲደረጉ ያማሉ ወይ፣ የእጅ አንጓ አብጧል ወይ፣ ከጥፍር አጠገብ ያሉት ተርፈዋል ወይ፣ የጠዋቱ መተሳሰር ከአንድ ሰዓት ይበልጣል ወይ፣ እብጠቱ ስድስት ሳምንት ሞልቷል ወይ። ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ወደ ኑሮው መመለስ ይቻላል፤ ማን አብሮዎት ይኖራል፣ እንቅልፍ አለ ወይ፣ ዕድሩ ተበትኗል ወይ፣ ጉሊቱስ።

«በዚህ ከተማ ያልተጨነቀ ማን አለ?» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። አባባሉ ትሕትና ይመስላል፤ ክሊኒክ ውስጥ ግን ሁለት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛው መጠየቅን ያስቀራል። ሁለተኛውና የባሰው ግን ሲገለበጥ ነው፦ «ሐሳብ አብዝታ ነው» ተብሎ የዳይክሎፌናክ ማስታገሻ መርፌ ይታዘዝና ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ሩማቶይድ ከወንድ ይልቅ ሴትን ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚይዝ፣ ይህ ቃል የሚወድቅባት አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። በእነዚያ በጠፉት ወራት ውስጥ ደግሞ አጥንት ይበላል፤ የተበላው አይመለስም። ጭንቀት ተጋላጭነትን ይጨምራል የሚለው ማስረጃ በትክክል ከተነበበ ሐኪሙን ወደ ምርመራ ያፈጥነዋል። የተጨነቀች ሴት አንጓ ሲያብጥ ለመጠርጠር ምክንያቱ ይበዛል እንጂ አያንስም።

ለታማሚዋ ደግሞ መፍረሱ አሳመመሽ ማለት አያስፈልግም፤ ማስረጃውም ስለ አንድ ሰው እንዲህ እንድንናገር አይፈቅድም። ስለ ኑሮዋ የሰማነው ለሕክምናው ይጠቅማል። ለሩማቶይድ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በየቀኑ ከተዋጠ መርዝ ነው። የደም ምርመራውም በየጊዜው ይደገማል። ካዛንቺስ ሳለች በእግሯ ትመላለስ የነበረች ሴት ዛሬ ከገላን ጉራ ስንት ታክሲ እንደምትቀያይር፣ ቀኑን የሚያስታውሳት ጎረቤት የት እንደሄደ፣ ቀጠሮው ከየትኛው ጤና ተቋም ጋር ሊገናኝ እንደሚችል ማወቅ ያለብን መድኃኒቱን ከመጻፋችን በፊት ነው። ሪፈር ወረቀቱ ላይም አዲሱ አድራሻዋ ይጻፍ።