ድፍድፍ ሲገነፍል

ጥቁር ጠላ የጠመቀ ሰው ሁሉ ከጋኑ አፍ ገንፍሎ ወለሉን ያጨማለቀ ድፍድፍ መጥረግ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ብዙ ጠማቂ ታዲያ ጥፋቱን በብቅሉ ያላክካል፤ «ብቅሉ ኃይለኛ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የጋኑ ልክና የጠማቂው ችኮላ ነው።

ጥቁረቱ ራሱ አያስገነፍልም። ቀለሙ የሚመጣው ጠቆር እስኪል ከታመሰው እንኩሮና ከቂጣው ነው፤ እንዲያውም ከሰል እስኪሆን ያረረ እህል ለእርሾ የሚተርፍ ስኳር የለውም። የሚያስገነፍለው ብዛቱ ነው። ጥቁር ጠላ ወፈር እንዲል ስለሚፈለግ እንኩሮ ይበዛበታል። የእንኩሮውን ስታርች ብቅሉ ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። 1 ኪሎ ስኳር ፈልቶ ሲያልቅ የሚወጣው ጋዝ ከ250 ሊትር ይበልጣል። ይህ ሁሉ መውጫው የጋኑ ጠባብ አንገት ነው፤ መንገዱ ላይ ደግሞ እንኩሮው አለ። ጋዙ ከሥር እየገፋ ያንሳፍፈውና ላዩ ላይ ወፍራም ክዳን ይሠራል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ክዳኑ መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ምስር የሚያካክሉ ቡናማ አረፋዎች ብቅ እያሉ ይፈነዳሉ። ያን ጊዜ ማማሰያ አስገብቶ ከሥር መገልበጥ የታመቀውን ጋዝ ባንዴ መልቀቅ ነው። ማማሰል የግድ ከሆነ ከላይ ጀምሮ፣ ጠርዝ ጠርዙን፣ ቀስ እያሉ።

እኔ የጋኑን ሲሶ ባዶ እተወዋለሁ። ጠላው አነሰ የሚል እንግዳ አይጠፋም፤ ወለል ላይ ከፈሰሰው ጋር ሲተያይ ግን አያንስም። እንኩሮውንም ባንድ ጊዜ አልጨምረውም። ግማሹን ጥንስሱ ላይ አድርጌ፣ የመጀመሪያው ሁካታ በረድ ሲል ቀሪውን አስከትላለሁ። ከምጣድ የወረደ እንኩሮ በደንብ መቀዝቀዝ አለበት፤ እርሾ ሙቀት ሲያገኝ ይጣደፋል፣ ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ይሞታል። ቆላ አገር ላለ ጠማቂ ይሄ ምክር እጥፍ ይሠራል።

ከሰው ጋር የሚያከራክረኝ መምረጉ ነው። የጋኑን አፍ ቶሎ አፍኖ መምረግ የቆየ ልማድ ነው፣ ምክንያትም አለው፦ አየር የገባበት ጠላ ይኮመጥጣል። ነገር ግን ፍላቱ በበረታባቸው ቀናት የሚወጣው ጋዝ ራሱ አየሩን ስለሚገፋው ንጹሕ ጨርቅ ማልበስ ይበቃል። የእንኩሮው ክዳን ወደ ታች መስመጥ ሲጀምር ያኔ ይመረግ። አረፋውን እየጨለፉ መድፋት ግን አልወድም፤ እርሾውም አብሮ ይደፋል። ጋኑ አፍ ላይ የደረቀውን ብቻ መጥረግ ነው፣ ዝንብ የሚጠራው እሱ ነውና።

አሜሪካ ውስጥ ለቤት የሚሆን ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው፤ ዕቃውም በየሱቁ ይሸጣል። እዚያ ስታውት የሚባለውን ጥቁር ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ከዕቃው ክዳን ወፍራም ቱቦ አውጥተው ጫፉን ውኃ ባለበት ባልዲ ይነክሩታል። አረፋው በቱቦው ይወጣል፣ አየር ግን ተመልሶ አይገባም። እዚያ ላሉ ጠላ ጠማቂዎቻችንም ይሠራል፤ ቱቦው ጠባብ ከሆነ ግን ጌሾና እንኩሮ ይደፍኑትና ክዳኑ ይወረወራል።

የሸክላ ጋን በተመረገበት ጭቃ ስንጥቅ ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ፕላስቲክ አይተነፍስም። በጀሪካን ወይም በበርሜል የምትጠምቁ ሁሉ፣ ፍላቱ እስኪበርድ ድረስ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ተዉት፤ ጎኑ ተነፍቶ ካገኛችሁት ፊታችሁን ዘወር አድርጋችሁ ቀስ በቀስ አስተንፍሱት።