እስስትና ቀዩ ሹራብ

ሀይሌ ጋርመንት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ካለው ሰፈራችን፣ የጎረቤቴ ልጅ ከአጥር ቁጥቋጦ ላይ እስስት ይዞ መጣ። ሊያሳድጋት ነው። ካርቶን አዘጋጅቷል፤ ዳቦ ፈርፍሯል፤ በሃይላንድ ክዳን ውሃ ቀድቷል። ከዚያ ቀይ ሹራቡን አውልቆ እላዩ ላይ አስቀመጣትና ጠበቀ። እስስቷ መቅላቱን ትታ ጠቆረች።

«ጋሼ፣ ይቺ የተበላሸች ናት መሰለኝ» አለኝ።

የተበላሸውስ ሌላ ነው። ልጁ እስስትን ያወቃት ከእኛ አፍ ነው። ፓርቲ የቀየረው እስስት፣ ወዳጁን የከዳው እስስት! ጋዜጠኛው ይጽፋታል፣ ደራሲው ለገጸ ባሕሪው ይለጥፋታል። እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተለዋጭ ዘይቤ ምሳሌ ባጣሁ ቁጥር ስንቴ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኳት! አንድ ቀን እንኳ ግን አጥሩ ላይ ቆሜ አላየኋትም።

እስስት የተቀመጠችበትን ቀለም ሁሉ አትቀዳም። ቀለሟ በአብዛኛው የሚለወጠው ሲበርዳት ወይ ሲሞቃት፣ ስትፈራ፣ ከሌላ እስስት ጋር ስትፋጠጥ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የማዳጋስካር እስስት ቆዳ ውስጥ ብርሃን የሚያንጸባርቁ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች እንዳሉ፣ እነሱ ሲቀራረቡና ሲራራቁ ቀለሙ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። እንግዲህ ስሜቷን ገላዋ ላይ የምታወጣ ፍጥረት ናት። አስመሳይ የምንላት እሷን ነው!

ነገሩ በቃል ብቻ ቢቀር ምን ቸገረኝ። ካርቶኑን ግን አየሁት። እስስት ዳቦ አትበላም፤ ፌንጣውን፣ ዝንቡን በሕይወት እያለ ነው የምትለቅመው። የረጋ ውሃ አጠገቧ እያለም ልትጠማ ትችላለች፤ የለመደችው ከቅጠል ላይ ጠብታ መላስ ነው። ፀሐይ ካጣች አጥንቷ ይልፈሰፈሳል። መነካካትም አትወድም። በውጭ አገር እንሽላሊት ማሳደግ ለሚጀምር ሰው የሚመከሩት በሰው እጅ የተፈለፈሉ ሌፐርድ ጌኮና ቢርድድ ድራጎን ናቸው፤ እስስት ልምድ ላለው ነው። ሌፐርድ ጌኮ እንኳ ተይዞ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። የእኛ ሰው ደግሞ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩለትም። የማስተማር አባዜ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፣ ግን እንደምንም ዋጥ አድርጌ «በርዷት ወይ ፈርታ ይሆናል፤ ወደ ቦታዋ እንመልሳት» አልኩት። ቅር እያለው ወሰዳት። እንደ መቆንጠጫ በተከፈለ እግሯ ቅርንጫፉን ጨብጣ፣ አንድ ዓይኗን ወደ እኛ፣ አንዱን ወደ ሰማይ አዙራ ቀረች። ከመንገዱ የታክሲ ረዳት «ጀሞ! ጀሞ!» ይላል። ልጁ ሹራቡን ታቅፎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፀሐዩ አጥሩን ሞላው። እኔም አልሄድኩም።

«ጋሼ! አረንጓዴ እየሆነች ነው!» አለ ቆይቶ። ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሞቃት ማለት ነው?»