«ወጪ» እና «ወራጅ»፦ በዕፅዋት ውስጣዊ ዝውውር ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ዕፅዋት አካል የሚያትት አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶን ተመልክተነዋል። የተርጓሚው አማርኛ የሚመሰገን ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ አይንዛዙም፣ የባዕድ ቋንቋ ሽታም የለባቸውም። ይሁን እንጂ ውሃና ንጥረ ነገር በተክል ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወሩ በሚገልጸው ምዕራፍ የተመረጡት ስያሜዎች፣ ተማሪው ሐሳቡን ገና ሳይጨብጥ ስሕተቱን የሚያስጨብጡ ሆነው አግኝተናቸዋል። የተጓደለ ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም ይታረማል፤ የተጓደለ ስያሜ ግን አንድ ጊዜ በተማሪው አፍ ከገባ ከክፍል ወደ ክፍል እየተላለፈ ይኖራል።

ረቂቁ ዛይለምን «ወጪ ቧንቧ»፣ ፍሎየምን «ወራጅ ቧንቧ» ይላቸዋል። ጥንድ ሆነው ስለሚሄዱ ለቃል ጥናት ያመቻሉ፤ ተርጓሚውንም የማረከው ይኸው ይመስለናል። ለዛይለም ስያሜው ብዙ አይከፋም። ውሃውና በውስጡ የሟሙት ማዕድናት ከሥር ተነሥተው ወደ ቅጠል ይወጣሉ፤ አስተላላፊዎቹ ሕዋሳትም ሥራቸውን የሚሠሩት ከሞቱ በኋላ፣ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ግድግዳቸው ብቻ ሲቀር ስለሆነ ቧንቧ ቢባሉ ያስኬዳል። ፍሎየም ግን በሁለቱም ቃል ይበደላል። አንደኛ፣ ስኳሩን የሚያሳልፉት ባለወንፊት ሕዋሳት ኑክሊየሳቸውን ቢያጡም ሕያዋን ናቸው፤ ቧንቧ አይደሉም። ሁለተኛና ዋነኛው፣ በፍሎየም የሚጓዘው ነገር የግድ ወደ ታች አይወርድም። ስኳሩ ከተሠራበት ወይም ከተከማቸበት ቦታ ተነሥቶ ወደሚፈለግበት ቦታ ይሄዳል። ድንች ሲያቆጠቁጥ ከመሬት በታች የተከማቸው ምግብ ሽቅብ ወደ ለጋው ቡቃያ ይወጣል፤ በዚያው ተክል ላይ ከወራት በኋላ ቅጠሉ የሠራው ስኳር ቁልቁል ተጉዞ አዲስ ድንች ያፈራል። ታዲያ «ወራጅ» የተባለው ሲወጣ ምን ሊባል ነው? (ቃሉ የታክሲ ተሳፋሪን ማስታወሱን እንኳ ለጊዜው እንተወው።)

«ምግብ» የሚለው ቃልም በረቂቁ ውስጥ ሁለት ጌታ ያገለግላል። ሥር ከአፈር «ምግብ» ይወስዳል፤ ቅጠልም «ምግብ» ይሠራል። አንባቢው ሁለቱ አንድ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ይህ ስሕተት በአውሮፓም ረጅም ዕድሜ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1648 በታተመው ሥራው ቫን ሄልሞንት እንደዘገበው፣ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ በ200 ፓውንድ ደረቅ አፈር ተክሎ ውሃ ብቻ እያጠጣ ለ5 ዓመት አቆያት፤ ዛፏ 169 ፓውንድ ያህል ስትመዝን ከአፈሩ የጎደለው ግን 2 አውንስ ገደማ ብቻ ነበር። ሄልሞንት ክብደቱን ሁሉ ለውሃ መስጠቱ ትክክል አልነበረም፤ የአየሩን ድርሻ አላወቀም። ሆኖም ተክል አፈር እንደማይበላ በሚዛን አሳይቷል። ስለዚህ ከአፈር የሚወሰደውን «ማዕድን»፣ በቅጠል የሚሠራውን «ምግብ» ብሎ መለየት ግዴታ ነው እንላለን። ገበሬው የሚናገረው «ማዳበሪያ» እንኳ በዚህ ረገድ ከረቂቁ የበለጠ ጠንቃቃ ነው፤ ማዳበሩን እንጂ መመገቡን አይናገርም።

ከስሞቹ ይልቅ ያሳሰበን ግስ ነው። ረቂቁ «ሥር ውሃን መጥጦ ወደ ላይ ይገፋል» ይላል። ሰዋስዉ ደህና ነው፤ ባለቤቱ ግን ተሳስቷል። ሥር የሚገፋበት ጊዜ በእርግጥ አለ፤ ማለዳ በበቆሎና በስንዴ ቡቃያ ቅጠል ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የምናየውና ብዙ ጊዜ ጤዛ የምንለው ጠብታ የዚህ ግፊት ውጤት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ግፊት ረጅም ዛፍን አያጠጣም። የአየር ግፊትም ቢሆን ውሃን ከ10 ሜትር ያህል በላይ አያነሣም፤ በካሊፎርኒያ ግን ከ115 ሜትር በላይ የሚረዝም ዛፍ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1894 ዲክሰንና ጆሊ በደብሊን ያቀረቡትና እስካሁን ሰፊ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ሥራውን ለቅጠል ይሰጣል። ከቅጠሉ ውሃ ሲተን በዛይለሙ ውስጥ እርስ በርሱ የተያያዘው የውሃ ዐምድ እንደ ገመድ ይሳባል። ስለሆነም «ይገፋል» በ«ይስባል»፣ «ሥር»ም በ«ቅጠል» ይተካ። የአንድ ግስ ባለቤት መለወጥ ሳይንሱን ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል።

«ሥር» ራሱ ሌላ ችግር አለበት። በአማርኛ የተክል ሥር አለ፣ የደም ሥር አለ፣ ከበታች ማለትም ሥር ነው። ረቂቁ በቅጠል ላይ የሚታዩትን መስመሮች «የቅጠል ሥሮች» በማለቱ «ውሃ ከሥር ወደ ሥር ያልፋል» የሚል እንቆቅልሽ ተፈጥሯል። እኛ «የቅጠል ጅማት» እንመርጣለን። የእንስሳ ጅማት ፈሳሽ አያመላልስም ቢባል እውነት ነው፤ የቅጠሉ ግን ከማመላለሱ በተጨማሪ ቅጠሉን ወጥሮ ይይዛልና ቃሉ ያለ ምክንያት አልተመረጠም።

ለፍሎየም ምን እናቅርብ? ሁለቱን ስያሜዎች እ.ኤ.አ. በ1858 ያወጣው ኔጌሊ ከሰማይ አላወረዳቸውም፤ አንዱን ከግሪክኛው «እንጨት»፣ ሌላውን ከግሪክኛው «ቅርፊት» ነው የወሰደው። አማርኛ ደግሞ ከደረቁ ቅርፊት በታች ላለው እርጥብና ጭረታማ ሽፋን ከ«ላጠ» ጋር ዘመድ የሆነ የራሱ ቃል አለው፤ «ልጥ»። ገበሬ አጥር ያሰረበት፣ አስከሬን የተገነዘበት ነው፤ «ልጡ የተራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ» የሚለው አነጋገር ይመሰክራል። ዛፍን ዙሪያውን ልጡን የላጠ ሰው ውጤቱን ያውቃል። ቅጠሉ ውሃ ስለሚደርሰው ለጊዜው ለምልሞ ይቆያል፤ ከተላጠው በላይ ያለው ግንድ ያብጣል፤ ሥሩ ግን ስኳር ተቋርጦበት ይራባል፣ ዛፉም ውሎ አድሮ ይደርቃል። ማልፒጊ በ17ኛው መቶ ዓመት የሞከረው ይህንኑ ነበር።

በ«ልጥ» ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አንሸሽገውም። ለገመድ ጥንካሬ የሚሰጡት ጭረቶች ስኳር አሳላፊዎቹ ሕዋሳት አይደሉም፤ እንደ ጤፍና በቆሎ ባሉት ተክሎች ደግሞ የሚላጥ ልጥ አይገኝም። የግሪክኛው ቃል ግን ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ ሙያው ወስዶ አሰፋው እንጂ። ለዛይለም «እንጨት» ማለቱን ሞክረነው፣ በጤፍ አገዳ ውስጥ «እንጨት» መፈለግ ጆሮአችን እምቢ ብሎታል። ጥንዱ ቢፈርስም አንዱ የአገር ቃል፣ ሌላው የውሰት ቃል መሆኑ አይረብሸንም።

ረቂቁን ስንመልስ «ወራጅ ቧንቧ»ን በየገጹ ሰርዘን «ልጥ» ጽፈንበታል፤ በ«ወጪ ቧንቧ» ትይዩ ግን በኅዳጉ ላይ «ዛይለም» ብለን የጥያቄ ምልክት አኑረናል።