ባልና ሚስት በሎክሪጆች የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ተማሪ ሁሉ በትርፍ ጊዜው የሚያነበው፤ በክፍል ውስጥ ግን ስሙ እምብዛም የማይነሣ የድርሰት ዐይነት ነው። እንቈቅልሹ ከተፈታ በኋላ ከመጽሐፉ የሚተርፍ ነገር የለም ተብሎ ይታሰባል። ይህ አስተያየት በብዙዎቹ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት፤ ፍራንሲስና ሪቻርድ ሎክሪጅ፤ ስለ ሚስተርና ሚሲዝ ኖርዝ በደረሷቸው መጻሕፍት ላይ ግን እውነት አለመሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኖርዞች መጀመሪያ የተፈጠሩት ለምርመራ አልነበረም። ሪቻርድ ሎክሪጅ በ1930ዎቹ ዓመታት «ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ስለ አንድ ባልና ሚስት የቤት ውሎ አጫጭር የቀልድ ጽሑፎች ያወጣ ነበር። እነዚህም በ1936 በመጽሐፍ ታተሙ። የግድያ ምስጢር የገባበት የመጀመሪያው ልብ ወለድ የወጣው በ1940 ሲሆን፤ ከዚያ ወዲያ እስከ 1963 ድረስ በጠቅላላው 26 ልብ ወለዶች ታተሙ። ታሪኩን ባልና ሚስቱ ተወያይተው ያወጡታል፤ ቃሉን በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ግን ሪቻርድ ነበር። ይህ የሥራ ክፍፍል የደራሲዎቹ የግል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን መጻሕፍቱን ለመረዳት የሚጠቅም ቍልፍ ነው።

በመጀመሪያው ልብ ወለድ ሚስትየዋ ፓም በሚኖሩበት ሕንጻ በላይኛው ፎቅ ባለው ባዶ ቤት ግብዣ ለማድረግ ታስባለች። ቤቱን ለማየት ሲወጡ በመታጠቢያው ገንዳ ውስጥ የሰው ሬሳ ያገኛሉ። ጄሪ መጽሐፍ አሳታሚ ነው፤ ፓም የቤት እመቤት ናት፤ ሁለቱም ከምርመራ ሥራ ጋር ግንኙነት የላቸውም። የሚመረምረው ሌፍተናንት ዋይጋንድ የተባለ የኒው ዮርክ ፖሊስ ሲሆን፤ ቀስ በቀስ የቤታቸው ወዳጅ ይሆናል። እንግዲህ ፖሊስ እያለ ኖርዞች ለምን አስፈለጉ?

መልሱ በፓም አነጋገር ውስጥ ይገኛል። ፓም ንግግሯን የምትጀምረው ከሐሳቧ መካከል ነው። አንደኛውንና ሁለተኛውን ነገር በልቧ አስባ ሦስተኛውን ብቻ ትናገራለች። ለሚሰማት እንግዳ ነገሩ መያዣ መጨበጫ የለውም። ጄሪ ግን አብሯት የኖረ ስለ ሆነ የተዘለለውን መልሶ ለመቀጠል ይሞክራል፤ አንዳንዴ ይሳካለታል፤ አንዳንዴም ተስፋ ቈርጦ ዝም ይላል። ዋይጋንድም የፓም ዝላይ የት ላይ እንዳረፈ ማስተዋልን ይማራል።

የባልና ሚስት መርማሪዎች ዐሳብ በሎክሪጆች አልተጀመረም። ዳሺል ሃሜት በ1934 ባሳተመው «ቀጭኑ ሰው» ኒክ ቻርልስ ከነሚስቱ ከኖራ ይገኛል። ነገር ግን ኒክ የቀድሞ መርማሪ ነው፤ ኖራ ትጠይቃለች፤ እርሱ ያውቃል። በኖርዞች ቤት ዐዋቂና ጠያቂ ተለይተው አልተቀመጡም። በአገራችን ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባላል። ኖርዞች ግን ካንድ ባሕር የተቀዱ አይመስሉም፤ አንዱ ያላየውን ሌላው የሚያየውም ስለዚህ ነው። እውነቱ ከሁለቱ ካንዳቸው ራስ ውስጥ የሚወጣ ሳይሆን በመካከላቸው ካለው ወግ የሚወለድ ነው።

ጕድለታቸውንም መሸፈን አይገባም። በብዙዎቹ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ፓም ብቻዋን ከገዳዩ ጋር ትፋጠጥና በመጨረሻው ሰዓት ትድናለች። ይህ ዘዴ ሲደጋገም ያሰለቻል፤ ከዚህም በላይ ያሰበችው ሴት ስለ ማሰቧ የምትቀጣ ያስመስላል። በ1942 በተሠራው ፊልም ደግሞ የፓምን ክፍል የያዘችው በዝብርቅርቅ አነጋገሯ ሕዝብን በማሳቅ የታወቀችው ግሬሲ አለን ነበረች። እንዲህ ያለው ምርጫ ተመልካቹ ሳቁን ይዞ ማስተዋሉን እንዲጥል የሚያደርግ ነው። የፓም ንግግር ያስቃል፤ ግን ባዶ አይደለም።

ፍራንሲስ በ1963 ዐረፈች። ሪቻርድ እስከ 1982 በሕይወት ኖሮ ሌሎች የምርመራ ልብ ወለዶችን ብቻውን መጻፉን ቀጠለ። ስለ ኖርዞች ግን ዳግመኛ አልጻፈም። ደራሲ ማለት ዐረፍተ ነገሩን የጻፈው ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ፤ የኖርዞችን ታሪክ ከመቀጠል የሚያግደው ባልኖረ ነበር፤ እጁም ብዕሩም አብረውት ነበሩና። የጐደለው የሚያነጋግረው ሰው ነው። መጽሐፉን በምናነብበት ጊዜ በሽፋኑ ላይ ያሉትን ሁለት ስሞች እንደ ልማድ አይተን ማለፍ የለብንም። እነዚህ ታሪኮች የተጻፉት ባንድ እጅ ቢሆንም የታሰቡት በሁለት ሰው ነው፤ የሚተርከውም ነገር ይኸው ነው።