የማይነበቡ ፊደላት

ከለገሃር ወደ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ በእግሩ ለሚጓዝ ሰው መንገዱ ራሱ የቋንቋ መምህር ነው። «ለገሃር» ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን «ላ ጋር» ከማለታቸው የመጣ ነው። እነሱ ጽፈው የማያነቡትን የመጨረሻ ፊደል ጣልንና ያላሰቡትን «ሃ» ጨመርንበት። «ካዛንቺስ» ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ስሙን ወረሰ። «ስታዲየም»ንም ብዙ ሰው «እስታዲየም» ይለዋል፤ በሁለት ተነባቢ መጀመር ለአፍ ስለሚከብድ ነው። ኦሮምኛም «ኢስፖርቲ» ሲል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለገሃር ብሎ ታክሲ የሚጣራውን ወያላ አላዋቂ የሚለው የለም።

ሳቁ የሚመጣው ተማሪ እንግሊዝኛ ሲያነብ ነው። «አይላንድ» የሚባለውን «ኢስላንድ» ካለ ክፍሉ በሳቅ ይናጋል፤ ልጁም ከዚያ ወዲያ እጁን አያወጣም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ አድርጎታልና፣ እጁን ያጠፈ ልጅ ፊዚክሱንም ታሪኩንም ሳይጠይቅ ያልፋል።

ለመሆኑ ልጁ ምን አጠፋ? ፊደላችን ያስተማረው የተጻፈውን ሁሉ እንዲያነብ ነው። በዚያ ቃል ውስጥ ያለችው «ኤስ» ደግሞ እንግሊዞቹም አንብበዋት አያውቁም፤ ከላቲን ጋር ዝምድና ያለው አስመስለው በኋላ የሰኳት ናት። በአንጻሩ «ናይት» (ፈረሰኛ ጦረኛ) መነሻው ላይ ያለችው «ኬ» በጥንት ዘመን ትነበብ ነበር። ባለቤቶቹም ቢሆኑ ዛሬ አንድ አይደሉም። «ካር» ሲል የለንደኑ ሰው «ር»ን ይውጣታል፤ ስኮትላንዳዊውና አብዛኛው አሜሪካዊ ያሰማታል። «ኸርብ» (ቅጠላ ቅጠል) ላይ ደግሞ በተራው አሜሪካዊው «ኸ»ን ይውጣል፤ እንግሊዙ ያነባታል።

አንባቢ ሆይ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ ወደ ቤታችን እንመለስ። «ዐ»ን ከ«አ»፣ «ሐ»ን ከ«ሀ» ለይቶ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ ማን ነው? ትግርኛ ተናጋሪው ግን «ዓይኒ»ን፣ «ሓኪም»ን ከጉሮሮው አውጥቶ ይለያቸዋል። እኛ ድምፁ የሞተበትን ፊደል ተሸክመን እየጻፍን፣ ማንም ሳይስቅብን «ሊቅ» ተብለናል።

ልጁ ይታረም፤ አይታረም ያለ የለም። ነገር ግን መምህሩ ከሳቁ ቀድሞ ፊደሏ ለምን ዝም እንዳለች ይንገረው። ምክንያቱን ያወቀ ተማሪ ቃሏን አይረሳትም፤ የተሳቀበት ግን የሚረሳው ቃሏን ሳይሆን መጠየቅን ነው።