ወጪን ቆጥሮ መሬትን መዘንጋት

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት፣ ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ ድርሻ በ2003 ዓ.ም. ከነበረበት 29.6 በመቶ ወደ 23.5 በመቶ መውረዱን አሳየ። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ በምዕራብ ሸዋ ጊንጪ ከተማ በመሬት ጉዳይ የተነሣው ተቃውሞ አምቦን ጨምሮ ብዙ የኦሮሚያ ከተሞችን አዳረሰ። በጥርም ተቃውሞው ያነጣጠረበት የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ቀረ። ድህነቱ መቀነሱም እውነት ነው፤ ቁጣውም እውነት ነው። የፖሊሲ ጥናት ሙያ የሚፈተነው ሁለቱን አንድ ላይ ማስረዳት ሲችል ነው። ጉድለቱ ያለው ከስሌቱ ሳይሆን ከመለኪያው ይመስለኛል፤ ቤተሰብ በዓመት የሚበላውንና የሚያወጣውን እንቆጥራለን፣ ኑሮው የቆመበትን መሬት ግን እንዘነጋለን።

ያኔ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997፣ ከእርሻው በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳ የሚያሰላው ባለፉት አምስት ዓመታት ከመሬቱ ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር አባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማባዣውን ወደ አሥራ አምስት አሳደገው። በሁለቱም ስሌት ሚዛኑ ምርት ነው። ያው መሬት ከተማ ውስጥ ገብቶ ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ግን ዋጋውን የሚወስነው የጤፍ ኩንታል ሳይሆን የከተማ ገበያ ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ የኑሮ ልዩነት ምንጭ ነው። ካሳ በተከፈለ ማግሥት መረጃ ሰብሳቢ ቢመጣ፣ ቤተሰቡ ጠግቦ ሲበላና ልጆቹን ሲያለብስ ያገኘዋል። በሠንጠረዡ ላይ ኑሮው ተሻሽሏል፤ ለልጆቹ የሚያወርሰው እርሻ ግን የለም።

«ከተማ ሳይሰፋ ልማት የለም» የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ጥያቄው ከተማው ይስፋ አይስፋ ሳይሆን ዋጋውን ማን ይከፍላል፣ ትርፉስ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። መሬትንም ለመቁጠር ብሔራዊ ጥናትን እስከ ወረዳ ማውረድ ውድ ነው የሚለው መከራከሪያም ክብደት አለው። ሆኖም ሁሉን ቤት ማንኳኳት አያስፈልግም። ካሳ ሲከፈል ሰነድ ይዘጋጃል፤ ከሰነዱ ጥቂት ቤተሰቦችን በዕጣ መርጦ በየዓመቱ መከታተል እዚያው አምቦ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። «መሬትን መለኪያ ማድረግ ወገንተኝነት ነው» ለሚለውም መልሴ አጭር ነው፤ መሬትን ከመለኪያው ማውጣትም ምርጫ ነው፣ እሱም ለአንድ ወገን ያደላል። ስለዚህ በአምቦ፣ በጉደርም ሆነ በጊንጪ ዙሪያ የምታጠኑ ሁሉ፣ ገበሬውን ካሳ በተቀበለበት ዓመት ብቻ አትጠይቁት፤ ካሳው ባለቀበትም ዓመት ተመልሳችሁ ጠይቁት።