እንዳይበላሽ

መቼም እኛ ኮምፒውተርን እንደ ሠርግ ዕቃ ነው የምንይዘው። ጥልፍ እናለብሰዋለን፤ በር እንቆልፍበታለን፤ «ዋ! እንዳትነካው» እንላለን። ለምን እንደተገዛ ግን የሚጠይቅ የለም።

ከዓመታት በፊት ሐይቅ ከተማ ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ማሠልጠኛ ሊኑክስ ልማር ተመዘገብኩ። ትምህርቱ «ሲስተም አስተዳደር» ይባላል። እናላችሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ ትእዛዝ በደብተር ገለበጥን። ፋይል ለመዘርዘር ይህ፣ ፈቃድ ለመቀየር ያ። ፈተናውም ያው ሽምደዳ። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «የሩትን የይለፍ ቃል አይሰጡንም?» አልኩ። አሠልጣኙ ደነገጡ። «እንዴ! እንዳይበላሽ ነዋ!»

ልብ በሉ፤ ሩት ማለት የሲስተሙ ባለ ሙሉ ሥልጣን ነው። ተጠቃሚ የሚፈጥር፣ ፕሮግራም የሚጭን፣ አገልግሎት የሚያስነሳና የሚያቆም እሱ ነው። ያለ እሱ ሲስተም አስተዳደር መማር ሐይቁ ዳር ቆሞ ዋና እንደ መማር ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን የጀመረው ገና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። በዓመቱ ደግሞ ማንም ውስጡን አይቶ፣ ለውጦ፣ መልሶ እንዲያካፍል በሚፈቅድ ሕግ ሥር አዋለው። ኡቡንቱን የሚያዘጋጁት ሰዎች እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቃቸው ሁሉ በነጻ በፖስታ ይልኩ ነበር። ሌላው ከፍቶ የሰጠንን እኛ መልሰን ቆለፍነው።

የሚያሳፍረው ደግሞ ቦታው ነው። እዚያው አጠገባችን ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። የብራና ጽሕፈት የሚማር ሰው ብዕሩን ራሱ ይቀርጻል፤ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል። ሲሳሳት በቢላ ይፍቅና እንደገና ይጽፋል። «ብራናው እንዳይበላሽ» ብሎ ብዕር የሚነፍግ መምህር ቢኖር ኖሮ የምንኮራባቸው መጻሕፍት ከየት ይመጡ ነበር?

አሠልጣኙን ብቻ አልወቅስም። ኮምፒውተር ቢበላሽ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው። ተማሪው ምንም ሳያውቅ ቢመረቅ ግን ማንም አይጠይቃቸውም። እርስዎ በእሳቸው ቦታ ቢሆኑ የትኛውን ይጠብቁ ነበር?

ኋላ አምባሰል፣ ውጫሌ የሚኖር አንድ ወዳጄ የተጣለ ኮምፒውተር ሰጠኝ። ሊኑክስ ጫንኩበትና ሩት ሆንኩ። በሦስተኛው ቀን ፈቃድ የሚቀይረውን ትእዛዝ በአንድ ፋይል ላይ መስሎኝ በመላው ሲስተም ላይ ለቀቅሁት። አበቃ፤ አልታዘዝ አለኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። ትእዛዙ በትክክል ተጽፏል፤ መዘዙ ግን አልተጻፈም። ሌሊቱን ሙሉ እንደገና ስጭን፣ ስህተት የሚመዘገብበትን ፋይል መስመር በመስመር ሳነብ አደርኩ። ፋይሉ የማን እንደሆነና ማን ሊነካው እንደሚችል ምን ያህል እንደሚያሳስብ የገባኝ ያን ሌሊት ነው።

ዛሬማ ሰበቡም አልቋል። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን ተከፍቶ፣ ተማሪው እንዳሻው ካፈራረሰው በኋላ በደቂቃዎች ወደነበረበት ይመለሳል። እንግዲህ ማሠልጠኛዎቻችን የይለፍ ቃሉን ይስጡ፤ ፈተናውም «ትእዛዙን ጻፍ» መሆኑ ቀርቶ «ይህ ተበላሽቷል፤ ጠግነው» ይሁን።

የዚያ ማሠልጠኛ ኮምፒውተሮች እስከማውቀው አልተበላሹም። ጥልፋቸውን እንደለበሱ አረጁ።